ሰኮናዋ የደከመ እርጉዝ ባዝራ አያያዝ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ተረቱ ለቀልድ ቢነገርም ለርቢ ሥራ እውነትነት አለው። በቅሎ የምትገኘው ባዝራ በወንድ አህያ ስትጠቃ ነው። በቅሎ ራሷ ስለማትወልድ በዳባትና በደባርቅ መንገድ እህል የሚጭነው፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም የጎብኚዎችን ጓዝ የሚሸከመው በቅሎ ሁሉ ከአንዲት ባዝራ የተወለደ ነው። እርጉዝ ባዝራ ሰኮናዋ ታሞ መቆም ካቃታት ገበሬው እናቲቱንም ውርንጭላውንም ባንድ ጊዜ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የባዝራን ሰኮና ከእርግዝናዋ ጋር አያይዞ እንዲከታተል እንመክራለን።

1. እንክብካቤው መቼ ይጀመራል?

ባዝራ የምታረግዘው ለ11 ወር ያህል፣ ማለትም ለ340 ቀን ገደማ ነው። በቅሎ ያረገዘች ባዝራ ጥቂት ቀናት ልትጨምር ትችላለች። ሰኮና ደግሞ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ከጠጉሩ ጠርዝ ተነሥቶ በፊት በኩል መሬት እስኪነካ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጅበታል። ሁለቱ ዘመኖች ተቀራራቢ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ባዝራይቱ በተጠቃች ሰሞን ከላይ የሚበቅለው ሰኮና መሬት የሚደርሰው በመውለጃዋ ጊዜ ነው። ስለሆነም ለመውለጃዋ ጤናማ ሰኮና የሚዘጋጀው በመጨረሻው ወር ሳይሆን ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ ነው።

ውርንጭላው አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ነው። ሲወለድ ከእናቱ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ይመዝናል። 220 ኪሎ የምትመዝን ባዝራ 22 ኪሎ ያህል ውርንጭላ፣ በላዩም የሽርት ውኃና የእንግዴ ልጅ ትሸከማለች። የሰኮናዋ ፊት የረዘመና ተረከዟ የወደቀ ከሆነ ይህ ጭነት ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ጅማቷንም ይጎትተዋል።

2. ወሩን መቁጠር

ባዝራይቱ የተጠቃችበት ቀን ይመዝገብ። ለምሳሌ ኅዳር 1 ቀን የተጠቃች ባዝራ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት 6 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ይህ ጊዜ ሣር የሚገኝበት በመሆኑ ለወተቷ መልካም ነው። ነገር ግን በጣም የምትከብድባቸው ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም የጭቃ ወሮች ናቸው። በዚህ ምክንያት የስሪያውን ወር ከማዛወር ይልቅ ደረቅ መቆሚያዋን ከሰኔ በፊት ማዘጋጀት ይሻላል።

3. ሰኮናን መከርከም

ሰኮናዋ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከርከም። የረዘመን ሰኮና በአንድ ቀን ለማስተካከል መሞከር ጉዳት አለው፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት በሞረድ መቀነስ ይገባል። የሰኮናው ሥር በቢላዋ እየተፋቀ እንዲሳሳ መደረግ የለበትም። ከመውለዷ አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ የመጨረሻው ክርከማ ይፈጸም። የከበደች ባዝራ በሦስት እግር ለረዥም ጊዜ መቆም ስለሚያስቸግራት እግሯን ዝቅ አድርጎ መያዝና ቶሎ ቶሎ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

በጎንደር ከተማ፣ በማራኪና በሌሎችም ቀበሌዎች፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ሰኮናን ፈጥኖ ይበላል። በዚያ ጋሪ የምትጎትት ባዝራ ካለች በመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ከጋሪ ትፈታ። ግድግዳው ሳስቶ በተሰነጠቀ ሰኮና ላይ ልምድ በሌለው ሰው የብረት ጫማ መምታት ስንጥቁን ያብሰዋል።

4. መቆሚያና ጉዝጓዝ

ዋልካ ጭቃና ሽንት ሰኮናን ያለሰልሱታል፤ በሥሩ መካከል ያለው ለስላሳ ክፍልም ጠቁሮ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። የጋጣው ወለል በጠጠር ከፍ ብሎ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ይበጅለት። በላዩ ደረቅ ገለባ ወፈር ተደርጎ ይጎዝጎዝ፤ የረጠበው በየቀኑ ይነሣ። ሰኮናዋ ጠዋትና ማታ በእንጨት ተጠርጎ ይታይ። ለመተኛት የሚመቻት ባዝራ እግሯን ታሳርፋለች።

5. መኖ

ብዙዎች እርጉዝ ናት በማለት ገብስ አብዝተው ይሰጣሉ። ባዝራ ድንገት ብዙ እህል ስትበላ የሰኮናዋ የውስጥ ሥጋ ሊቃጠልና ከሰኮናው ሊላቀቅ ይችላል። ዋናው መኖዋ ድርቆሽና ሣር ይሁን። እህል ካስፈለገ በትንሹ ተጀምሮ በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር፤ በቀንም ተከፋፍሎ ይሰጥ። የእህል ጎተራ ከጋጣው ይራቅ ወይም በሚገባ ይዘጋ። በሌላ በኩል የወፈረችን እርጉዝ ባዝራ ለማክሳት ብሎ መኖ በድንገት መከልከል ደሟን በስብ መርዞ ሊገድላት ይችላል።

6. የአደጋ ምልክቶች

ሰኮናዋ ከወትሮው ከጋለ፣ የፊት እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ ወደ ኋላ ካዘነበለች፣ ለመዞር ከፈራች ወይም አዘውትራ ከተኛች የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይጠራ። እስኪመጣ ድረስ እህል ይቅር፤ በወፍራም ጉዝጓዝ ላይ ትቁም፤ ሰኮናዋ በቀዝቃዛ ውኃ ይንከር። በግድ ማስኬድ፣ በጋለ ብረት መተኮስና ደም ማፍሰስ ሥቃይ ይጨምራሉ እንጂ አያድኑም። ሐኪም ያላዘዘው መርፌም አይሰጥ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ጽንሱን ሊያስወርድ ወይም ሰኮናውን ሊያብስ ይችላልና።

ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል። በማኅፀን የቀረው ሲበሰብስ መርዙ በደም ተሠራጭቶ ሰኮናዋን ያሳምማልና። በእጅ ጎትቶ ማውጣት አይገባም።

7. የማኅበሩ ድርሻ

አንድ ሞረድና አንድ የሰኮና ቢላዋ ለብዙ አባወራዎች ይበቃሉ። ማኅበሩ መሣሪያዎቹን በጋራ ገዝቶ፣ አንድ ወይም ሁለት አባላት በእንስሳት ሐኪም እንዲሠለጥኑ ቢያደርግ መልካም ነው። የልማት ሠራተኛውም የስሪያውን ቀን፣ የክርከማውን ቀንና የመውለጃውን ወር በአንድ መዝገብ ይያዝ። ባዝራ በተጠቃችበት ሳምንት አራቱም ሰኮናዎቿ ከታዩ፣ ችግሩ ገና ትንሽ ሳለ የሚስተካከልበት 11 ወር ይገኛል።