የደከመ ኩላሊትና የስኳር መድኃኒት

ዛሬ ስለ አንድ አሳሳች መሻል እንነጋገር።

ከጨነቅ ወደ ደባርቅ እየወረዱ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አንድ አባት አሉ እንበል። ግሊቤንክላማይድ መዋጥ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ግን ኪኒኑም ምግቡም ሳይለወጥ ስኳራቸው ቀነሰ። ቤተ ሰቡም «ተመስገን፣ ቀለለዎት» አለ። እውነት ቀሏቸዋልን? ምናልባት ኩላሊታቸው ደክሞ ይሆናል።

ምክንያቱም ይህ ነው። በደም ውስጥ ካለው ኢንሱሊን ከፊሉን የሚያጠፋው ኩላሊት ነው። ግሊቤንክላማይድንም ጉበት ቢሰባብረው ስብርባሪው ኀይል ስላለው በኩላሊት መውጣት ይገባዋል። ኩላሊት ሲደክም የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። በዚህ ላይ የፍልሰታ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጨመር ስኳር እጅግ ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ይመጣል፤ ሰውየው ራሱን ይስታል። ነቅቶ ሳለ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ይገባል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ቢነቃም ስኳሩ እንደገና ሊወርድ ስለሚችል ሐኪም ሳያየው አይተው።

እንግዲህ መድኃኒት ከመምረጥ በፊት የኩላሊትን አቅም መጠየቅ ይቀድማል። አቅሙ የሚሰላው በደም ውስጥ ካለው ክሬያቲኒን ነው፤ 90ና ከዚያ በላይ ደኅና ሲሆን፣ ሦስት ወር ያህል ከ60 በታች ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል።

ሜትፎርሚን ከ45 በታች መጠኑ ይቀነሳል፤ ከ30 በታች ይቆማል፤ አለዚያ ደምን በላክቲክ አሲድ ሊመርዝ ይችላል። ግሊቤንክላማይድ ከ60 በታች ይወገዳል፤ ከዚያው ወገን ግሊፒዛይድ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ግሊቤንክላማይድ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ላለፈ እንደማይስማማ ጽፏል። ኢንሱሊን በማናቸውም ደረጃ ያገለግላል፤ ነገር ግን ኩላሊት በደከመ መጠን ልኩ ይቀነሳል። ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን በደከመ ኩላሊት ስኳር የማውረድ ኀይላቸው ቢያንስም፣ ኩላሊቱ ይበልጥ እንዳይደክም ይረዳሉ፤ ይህም በ2020ና በ2023 (እ.ኤ.አ.) በታተሙ ታላላቅ ጥናቶች ታይቷል።

ይህን ያነበበ ግን ለማንም መድኃኒት አይለውጥ፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። የእኛ ድርሻ ለዕረፍት ደባርቅና ዳባት ስንገባ፣ «አባቴ፣ ኩላሊትዎን ከተመረመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የደምና የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል። ስኳሩ ያለ ምክንያት ቢቀንስ ግን ዓመት አይጠበቅም፤ እልል ከማለት በፊት ይመርመሩ።