መጀመሪያ ተረከቡ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በየአጥቢያችሁ ሰንበት ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊ ወይም የምድብ መሪ እንድትሆኑ በቅርቡ የተመረጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ትምህርት ለእናንተ ነው። የተሰጣችሁ አገልግሎት ደመወዝም አበልም የለውም። ከሥራ ወይም ከትምህርት ወጥታችሁ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃችሁ፣ አንዳንዴም ምሳ ሳትበሉ የምትደርሱበት ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በፍቅር ሲጀምር «ምን አዲስ ነገር ላምጣ?» እያለ ያስባል። ማሰቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ከእርሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ምን ተረከብኩ?

ነህምያን እንመልከት። በንጉሥ አርጤክስስ ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ኋላም የንጉሡን ደብዳቤ ይዞ ወደዚያው ሄደ። ደርሶ ግን ሦስት ቀን ምንም አልተናገረም። ከዚያ በሌሊት ተነሥቶ ጥቂት ሰዎች ብቻ አስከትሎ ወጣ። የፈረሰውን ቅጥር፣ በእሳት የተበላውን በር እየዞረ ተመለከተ። አንድ ስፍራ ላይ እንዲያውም የተቀመጠባት እንስሳ ማለፊያ አጣች። ሹማምንቱ የት እንደሄደ እንኳ አላወቁም (ነህ. 2፥11-16)። ይህን ያደረገው የንጉሥ ደብዳቤ በእጁ የያዘ ሰው ነው። እኛ ማኅተም ያረፈበት አንዲት ወረቀት ስትደርሰን በሳምንቱ አስቸኳይ ስብሰባ እንጠራለን።

ርክክብ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን ዕቃው ነው። ሁለት ከበሮ፣ የአንደኛው ቆዳ የላላ፤ የመዝሙር ልብስ፤ በክር የታሰረ የቁም ሣጥን ቁልፍ፤ ጠርዙ የተበላ የስም መጥሪያ መዝገብ። ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ ያልቃል። መዝገቡን ግን ወደ ቤት ውሰዱትና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አንድም እሑድ ያልቀረች ልጅ ከጥር ወዲህ በስሟ አንጻር «ቀሪ» ብቻ ተጽፎባታል። ቤተሰቧ ሰፈር ቀይሮ ይሆን? ታማ ይሆን? ማን ጠየቃት? ከጉባኤ በኋላ ወንበር ሰብስቦ፣ አዳራሹን ጠርጎ፣ መብራት አጥፍቶ የሚወጣው ልጅ ደግሞ ስሙ በአንድም ንዑስ ክፍል ላይገኝ ይችላል። የተረከባችሁት እነዚህን ነው።

የእናንተ ግን አይደሉም። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለቅዱስ ጴጥሮስ የጠባቂነትን አደራ ሲሰጠው በጎቹን የራሱ አድርጎ ነው የጠራቸው (ዮሐ. 21፥15-17)። ከሹመቱም በኋላ በጎቹ የጴጥሮስ አልሆኑም። «የእኔ ክፍል»፣ «የእኔ ልጆች» ማለት ስንለምድ ይህ ቃል ይገሥጸን። አስተዳደሩም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤት በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ ሥርዓት በአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ሥር ያለ የቤተ ክርስቲያን አካል እንጂ የጓደኛሞች ማኅበር አይደለም።

እኔ ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። ከዓመታት በፊት የመዝሙር ምድብ መሪ ሆኜ ተመደብኩ። በሁለተኛው ሳምንት የጥናቱን ሰዓት ከእሑድ ወደ ቅዳሜ 9 ሰዓት አዛወርኩት፤ አዳራሹ ቅዳሜ ጸጥ ይላል ብዬ ነው። ከበሮ የሚመታው ወንድም ምንም ሳይናገር ቀረ። ሰነፈ ብዬ ለሥራ አመራሩ ሪፖርት አደረግሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። በአራተኛው ሳምንት ቤቱ ሄድኩ። ለካ ቅዳሜ እናቱ ለሳምንቱ የሚሸጡትን ሊያመጡ ገበያ ስለሚወጡ ሱቁን የሚጠብቀው እሱ ኖሯል። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ወንድሜ፣ መች ጠየቅከኝ?» አለኝ። እናቱ ቡና አፍልተው አጠጡኝ፤ አንድም ቃል አልወቀሱኝም።

ወደ ነህምያ እንመለስ። ዝምታው ሲያበቃ ሕዝቡን ሲያነጋግር መከራውን የእነርሱ ብቻ አላደረገውም፤ ራሱን ጨምሮ «እኛ» እያለ ተናገረ። ሥራውን እንዴት እንዳከፋፈሉት የሚነግረን ምዕራፍ 3 ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈው የስም ዝርዝር ነው። አትዝለሉት። ወርቅ አንጥረኛው አለ፤ ሽቱ ቀማሚው አለ፤ ሰሎም የሚባለው አለቃ ከሴት ልጆቹ ጋር አለ። ድንጋይ መካብ የማናቸውም ሙያ አልነበረም። ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ሠሩ፤ ሰው በራፉ ላይ ያለውን ክፍተት ቸል አይልምና። የቴቁሐ ታላላቆች ግን ትከሻቸውን ለሥራው አላዋሱም፤ እርሱም በዚያው ዝርዝር ተጽፏል። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ (ነህ. 6፥15)።

ብቻዬን ልሸከመው ለሚል ደግሞ የሙሴ አማት ዮቶር መልስ አለው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ሲፈርድ አየና አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለው። እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ እውነተኞች፣ ጉቦ የሚጠሉ ሰዎች መርጦ በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳ፣ በአሥር ላይ እንዲሾም መከረው (ዘጸ. 18)። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ እያልን የምንጠራቸውን የወታደር ማዕረጎች ልብ ያለ ሰው አቆጣጠሩ እንግዳ አይሆንበትም። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገረው ሙሴ የምድያሙን አማቱን ምክር ሰምቶ እንደተባለው አደረገ። ከእናንተ በፊት የነበረውን ኃላፊ፣ በተለይ የተቀየማችሁትን፣ ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

በጸሎተ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ታውቃላችሁ። አባቶች ወገባቸውን ታጥቀው፣ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ። ያን ቀን ወደ አጣቢው ሰው ሁሉ የሚመጣው አቧራውን ይዞ ነው። አባቶችም ማን እንደሆነ ሳይመርጡ ተራ በተራ ያጥባሉ። ጌታችን ይህን ለደቀ መዛሙርቱ ሲያደርግ ይሁዳም በመካከላቸው ነበረ (ዮሐ. 13)። በክፍላችሁም የማትወዱት ሰው አይጠፋም።

ዕቅድ አውጡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ይህን ሌሎችም ይነግሯችኋል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የፊታችን እሑድ ጉባኤው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መዝገቡን ይዛችሁ በሩ አጠገብ ቁሙና የሚገባውን ልጅ ሁሉ በስሙ ጥሩት፤ ስሙን ካላወቃችሁት ጠይቁትና ጻፉት። ለቀረችውም ልጅ ያን ዕለት ማታ ደውሉላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።