ተራው ቢፋለስ ማን ያቃናዋል?

ሁለት የኮምፒዩተር ሥራዎች አንድን መዝገብ ባንድ ጊዜ ቢለውጡት መዝገቡ ይበላሻል። ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሌላው ውጭ መቆየት አለበት። ዳሩ ግን ተራው ራሱ ቢፋለስስ?

ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረበው መፍትሔ በቁጥጥር ትምህርት «ግብረ መልስ» የሚባለውን ይመስላል፤ ይኸውም ሁኔታውን እያዩ ስሕተትን ማረም ነው።

ሦስት ኮምፒዩተሮች በቀለበት ተያይዘዋል እንበል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 አንድ ቁጥር ይይዛል፤ የሚያየውም ከኋላው ያለውን ቁጥር ብቻ ነው። አንደኛው ባለተራ የሚሆነው ቁጥሩ ከሦስተኛው ጋር እኩል ሲሆን ነው፤ ሲጨርስ 1 ይጨምራል፤ ከ3 በኋላ ወደ 0 ይመለሳል። ሌሎቹ ግን ባለተራ የሚሆኑት ከኋላቸው ካለው ሲለዩ ነው፤ ሲጨርሱ ያንኑ ቁጥር ይቀዳሉ።

ቁጥሮቹ 2፣ 0፣ 1 ቢሆኑ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ባለተራ ናቸው፤ ይህ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ቀድሞ ቢቀዳ 2፣ 2፣ 1 ይሆናል፤ ባለተራው ሦስተኛው ብቻ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ቁጥሮቹ እንደገና ካልተበላሹ ተራው አይፋለስም።

ነገር ግን ይህ እርማት የሚመጣው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። እንደ ባንክ ሒሳብ አንዲት ስሕተት እንኳ በማይፈቀድበት ቦታ አስቀድሞ መቆለፍ ያስፈልጋል።

አንባቢ ሆይ፣ ከ1፣ 3፣ 1 ተነሥተህ በወረቀት ሞክረው።