ሌባን ስለ ማሳደድ

አንባቢ ሆይ፤ በሬህ ከበረት ቢጠፋ፥ ወይም ቤትህ ተሰብሮ ዕቃህ ቢወሰድ፥ የአንድ ሰው ስም ፈጥኖ ወደ ልብህ ይመጣል። ያን ስም ከአፍህ ከማውጣትህ በፊት ይህን ጽሑፍ አንብብ።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሹም ነበረ፤ ስሙም ሌባን የሚሻ ማለት ነው። ይህ ሹም ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ያጠጣው ነበር። ልጁም አእምሮው በዞረ ጊዜ፥ በወገቡ በታሰረው መቀነት እየተያዘ ከቤት ወደ ቤት ይሄድ ነበር፤ የወደቀበትም ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍል ነበር። ምስክር አልተጠራም፤ ልጁም ያየው ነገር አልነበረም።

አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሥርዓት ከዚህ ይሻላል። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፥ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ መመለስ ይከለከል ነበር፤ ካልተገኘም ሁሉ በአንድነት ዕዳውን ይከፍል ነበር። በዚህስ ቢያንስ ዓይን ያለው ሰው ይጠየቃል። ነገር ግን በስውር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ተብሎ ስሙ ይደበቅ ስለ ነበረ፥ ቂመኛም በዚያው መጋረጃ ሊሸሸግ ይችል ነበር።

በባሕር ማዶም ያለው ፈተና ይኸው ነው። የዓለም ንግድ ወድቆ ብዙ ሰው ሥራ ባጣበት ዘመን፥ በአሜሪካ ባንክ የሚዘርፉ ሽፍቶች ስማቸው ገንኖ ነበር። እነርሱን ካሳደዱት አንዱ በ1876 ዓ.ም. የተወለደው የቴክሳሱ ሰው ፍራንክ ሄመር ነው። ክላይድ ባሮውንና ቦኒ ፓርከርን መቶ ቀን ያህል ተከታተለ፤ ዘመዶቻቸውን ለማየት በየጊዜው እንደሚመለሱም አስተዋለ። ከተባባሪያቸው የአንዱ አባት መንገዳቸውን አመለከተ፤ እርሱም ወፍ መሆኑ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1926 ዓ.ም. በሉዊዚያና ሄመርና አምስት ባልደረቦቹ በመንገድ ዳር አድፍጠው ሁለቱን በመኪናቸው ውስጥ ገደሏቸው። ጋዜጦች ስለዚህ ብዙ ጻፉ፤ በሁለቱ ላይ ግን የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው ጥይት እንጂ ዳኛ አልነበረም።

እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ከአራት ዓመት በፊት የሆነውን እንድታስብ እወዳለሁ። ግንቦት 1 ቀን 1922 ዓ.ም. በሸርማን ከተማ ጆርጅ ሂዩዝ የሚባል ጥቁር ሰው ተከሶ በችሎት ሳለ፥ ሕዝቡ ሊገድለው ጎረፈ። ሄመርም ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ፥ ሽፍታ በሚያሳድድበት በዚያው ጠመንጃ ሕዝቡን መለሰ። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ፍርድ ቤቱን አቃጠለው፤ ፖሊሶቹ ወጡ፥ ተከሳሹ ግን በሰነድ ማኖሪያው ክፍል እንደ ተዘጋበት ሞተ። ያን እሳት የለኰሱት ሽፍቶች አልነበሩም፤ የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ።

በጅማ መንገድ ባለችው በሰበታ፥ በአምቦ መንገድ ባለችው በቡራዩ፥ በጎጃም መንገድ ባለችው በሱሉልታ ብትኖር፥ ጎረቤትህ ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ «ሌባ!» የሚል ጩኸት ከአንድ አፍ ቢወጣ፥ የሚሮጠው ሁሉ ድንጋይ ያነሣል፤ ማን ምን እንዳየ የሚጠይቅ አይገኝም። በሬው በማግሥቱ ከወንዝ ማዶ ሲግጥ ቢገኝስ? የአገራችን የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ20ኛው አንቀጽ፥ የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል።

እንግዲህ ጩኸቱን ስትሰማ ሩጥ፤ መሮጥህ መልካም ነው። የተያዘውን ሰው ከሚመቱት መካከል አውጣው፥ ፖሊስ እስኪመጣም ከአጠገቡ ቁም። ቃልህን ስትሰጥ ያየኸውን «አየሁ»፥ ከሌላ የሰማኸውን «ሰማሁ» በል፤ ስምህንም አስጽፈህ ፈርም።