ሙቀትና የመከነው ተባዕት ቢምቢ

ሰውን የምትነክሰውና ወባን የምታስተላልፈው እንስቲቱ ቢምቢ ብቻ ናት። ተባዕቱ የአበባ ወለላና ይህን የመሰለ ጣፋጭ ፈሳሽ እየመጠጠ ስለሚኖር በሰው ላይ ወባን አያመጣም። እንስቲቱም አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ ከተባዕት ጋር የምትገናኘው አንድ ጊዜ ነው። እንግዲህ ያ አንዱ ባሏ መካን ቢሆን የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም ማለት ነው። በጨረር ያመከኑትን ተባዕት በብዛት አርብቶ የመልቀቁ ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አሳቡን ያቀረበው አሜሪካዊው የነፍሳት ሊቅ ኤድዋርድ ኒፕሊንግ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. በኩራሳው ደሴት በከብት ቁስል ላይ እንቁላሏን የምትጥለው ዝንብ በዚሁ ዘዴ ጠፍታለች።

ቢምቢ ግን ከዚያች ዝንብ ይልቅ ደካማ ፍጥረት ነው። ሰውነቱ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ በደረቅና በሞቃት አየር ውስጥ ያለችው ውሃ ፈጥና ታልቅበታለች። በዱር ያደገው ተባዕት ቀኑን በጥላ ሥር፣ በሣርና በስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ያሳልፋል። በቤት ውስጥ የረባው ግን የለመደው ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ እርጥበት ያለው ክፍል ነው። ይህን ተባዕት በቀትር በ40 ዲግሪ ሙቀት ሜዳ ላይ ቢለቁት መጠለያ ሳያገኝ ሊሞት ይችላል። በጉዞ ላይ እንዳይንቀሳቀስ በብርድ አደንዝዘው ያመጡት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ ከመንቃቱ በፊት በጋለ አሸዋ ላይ ይወድቃል፣ ጉንዳንም ይቀድመዋል።

ሙቀት የሚጎዳው ከተለቀቀ በኋላ ብቻም አይደለም። እጩ የሚያድግበት ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ እድገቱ ይፈጥናል፣ የሚወጣው ቢምቢ ግን ያንሳል፤ ያነሰውም ስንቁ ጥቂት ነው።

ጉዳቱን በሒሳብ ብናየው ይገለጻል፤ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ሊያሠሩት ይችላሉ። በአንድ ሰፈር 100 የዱር ተባዕቶች አሉ እንበል፤ 1000 መካኖች ለቀቅንባቸው። ሁሉም በኀይል እኩል ቢሆኑ ከ100 እንስቶች 91 ያህሉ መካን ያገቡና ዘር የሚተርፋቸው 9 ብቻ ይሆናሉ። ነገር ግን 700ው መካኖች ፀሐይ ሳትጠልቅ በሙቀት ቢያልቁ፣ ዘር የሚተርፋቸው እንስቶች 25 ይሆናሉ። እያንዳንዷም እንቁላል የምትጥለው በአሥሮች እየቈጠረች ነው። ስለዚህ የተለቀቀውን ቍጥር ብቻ የሚጽፍ መዝገብ እኛን አያረካንም፤ የሚፈለገው ለማታ የደረሰው ቍጥር ነው።

ማታ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ወባን በይበልጥ የሚያስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ የተባለው ዐይነት የሚጋባው ፀሐይ ስትጠልቅ ተባዕቶቹ በአየር ላይ በመንጋ ሲጨፍሩ ነው። ይኸው ዐይነት በጎረቤታችን በሱዳን፣ በሰሜኑ የዓባይ ዳር፣ በረሃው ከግራና ከቀኝ በሚያዋስነው ስፍራ ተሞክሮ፣ በጨረር የመከኑት ተባዕቶች ከዱሮቹ ጋር በመንጋው ውስጥ ተገኝተዋል። ከመልቀቅ በፊት የስኳር ውሃ አጥግቦ፣ በጥላ አቆይቶ፣ ፀሐዩ ከበረደ በኋላ በቍጥቋጦ አጠገብ መልቀቅ ለዚህ ሰዓት የሚያደርሳቸው መንገድ ነው።