የጫት መጠን በምን ይለካል? የመርካቶ የሥራ ቀንና የሱስ ጥናት መለኪያዎች

በኢትዮጵያ የጫት አጠቃቀምን በብዙ ሕዝብ ላይ ከመረመሩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ በቡታጅራ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ነው። ከ10,468 ጎልማሶች መካከል ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ይቅሙ ነበር፤ ከቃሚዎቹ 80 ከመቶ የሚሆኑት የሚቅሙት በጸሎት ሰዓት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደ ሆነ ተናግረዋል። በየቀኑ የሚቅሙት 17.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የጉራጌ አገር ሰው ለመርካቶ ባዕድ አይደለም፤ ገበያውን ካቆሙት ነጋዴዎችና ሠራተኞች መካከል ከዚያ አካባቢ የመጣው ድርሻ ከፍተኛ ነው። ያው ቅጠል አዲስ ከተማ ሲደርስ ግን አገልግሎቱ ይለወጣል።

በእህል በረንዳና በአውቶቡስ ተራ ዙሪያ ለሚሠራው ጫኝና አውራጅ ጫት በአብዛኛው የጸሎት አጋዥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ድካምን ያዘገያል፣ ረኀብን ያስረሳል፣ የምሳ ወጪን ያሸጋግራል። ገና በማለዳ፣ ሐራራን ለመቁረጥ የሚቃመው ኢጀባና ይባላል። ከሰዓት በኋላ በርጫው ይቀጥላል፤ ምርቃናው ሲከብድና እንቅልፍ ሲርቅ ደግሞ ማታ አረቄ ወይም ቢራ ይከተላል። ይህ የምርቃና ማብረጃ መጠጥ ጨብሲ የሚል ስም አለው። መቃም ያቋረጠ ሰው በሌሊት የሚያስጨንቀው ቅዠት ዱካክ ነው። ቃሚዎች ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም ሲያወጡ ብዙዎቹ መጠይቆች ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይይዛሉ፤ ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን ቃሙ?

ይህ ጥያቄ ቀንን ይቆጥራል እንጂ መጠንን አይለካም። ከሐረርጌ፣ ከወንዶ ገነት፣ ከጉራጌና ከባሕር ዳር ወደ ከተማዋ የሚገባው ጫት በጥንካሬውም በዋጋውም የተለያየ ነው። መሸጫው ዙርባ የክብደት መለኪያ አይደለም፤ እንደ ወቅቱ፣ እንደ ሻጩና እንደ ደንበኛው ይሰፋል፣ ይጠብባል። ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ከተቆረጠው ቅጠል ውስጥ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ አብዛኛው ካቲን ወደሚባለው ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ጫት በሙዝ ወይም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ መኪናው በጥድፊያ የሚነዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የተነሣ ትኩስ የአወዳይ ቀንበጥ የሚቅም ነጋዴና ከበርጫ የተራረፈውን ገራባ የሚለቅም ተሸካሚ ሁለቱም «በየቀኑ» ብለው ቢመልሱ በመዝገቡ ላይ እኩል ይሆናሉ። ወደ ደማቸው የገባው ግን እኩል አይደለም። በእርግጥ ገራባ ለቃሚው ጥገኝነቱ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ወድቆ የተገኘ ቅጠል መልቀም ከመጠን ይልቅ ስለ ፍላጎቱ ጥናት ይናገራልና። መጠንና ጥገኝነት ለየብቻ መመዝገብ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ክፍተት ቅደም ተከተል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሲስት የተባለው መጠይቅ ስለ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ያለፉትን ሦስት ወራት ለየብቻ ይጠይቃል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ጨብሲን እንደ አንድ ሰንሰለት አያየውም። ደረጀ ከበደና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 በሆኑ 20,434 ወጣቶች ላይ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት በየቀኑ ጫት መቃምም ሆነ በየቀኑ አልኮል መጠጣት ጥንቃቄ ከጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር እንደሚዛመድ አሳይቷል። መርካቶ ውስጥ ሊጠየቅ የሚገባው ቀጣይ ጥያቄ፣ መጠጡ ራሱ የምርቃናው ውጤት የሆነው በስንት ሰው ላይ ነው የሚለው ነው። መልሱ ሕክምናውን ይለውጣል፤ ጨብሲ ለሚጠጣ ሰው ስለ አልኮል ብቻ ምክር መስጠት የሰንሰለቱን ጫፍ ይዞ መጎተት ይሆናል።

ሕጉም ንጥረ ነገሮቹን ነጣጥሎ ያያል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲጋራና አልኮል ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ጫት ግን ከእነዚህ ጎን አልተሰለፈም። በጎዳና የሚያድሩ ሕፃናት የሚያሸቱት ማስቲሽና ቤንዚን ደግሞ የጫማ ሰፊና የጋራዥ ዕቃ ስለ ሆነ ሱስ አስያዥ ተብሎ በማንም ዓይን አይገባም፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ለበርካታ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ከገበያው በእግር የሚደረስበት ነው። ሆኖም ጫኙ ወደዚያ የሚሄደው የዕለት ገቢውን ትቶ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ሰው ይዞት ሲሄድ ነው።

በመጨረሻም የመረጃ ሰብሳቢው ሰዓት አለ። ማለዳ ኢጀባናውን ያልቃመ ሰው ቁጡና ቸኳይ ነው፤ ጥያቄው ቶሎ እንዲያልቅለት «አዎ» ሊል ይችላል። በዘጠኝ ሰዓት ምርቃና ላይ ያለው ደግሞ ወሬው የሞላ፣ ዕቅዱ የበዛ፣ ነገ ጫት እንደሚተው የሚምል ነው። የፈቃድ ቅጹን ሁለቱም ይፈርማሉ። የተሻለው ጊዜ ጭነት ሳይመጣ፣ በርጫውም ሳይጀመር ያለው ክፍት ሰዓት ነው፤ ይህም ከተራ ተራ ይለያያል። ስለዚህ በመጠይቁ መጀመሪያ ገጽ ላይ ከዕድሜና ከጾታ ቀጥሎ ሦስት ነገሮች ይመዝገቡ፤ ቃለ መጠይቁ የተካሄደበት ሰዓት፣ ተጠያቂው ለመጨረሻ ጊዜ የቃመበት ሰዓት፣ በዕለቱም የቃመው ገዝቶ ነው ወይስ ለቅሞ።