ሱቅ ተዘግቶ ሐሳብ ሲያድር

መርካቶ ውስጥ ደብተር ሳይገልጥ ማን ምን ያህል ዕቃ በዱቤ እንደወሰደ የሚያውቅ ነጋዴ ሞልቷል። አዲሱን ነገር ይዞ የሚያስቀምጥለት ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው፤ ከጆሮ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ በግራና በቀኝ ይገኛል።

ተሸካሚ ከኋላችን «መንገድ!» ሲል ዘለን ዳር የምንይዘው በአድሬናሊን ኃይል ነው። ኮርቲሶል ተከትሎ ይመጣና ለጡንቻችን ስኳር ወደ ደም እንዲለቀቅ ያደርጋል። አደጋው ሲያልፍ አንጎል ይህን ሁሉ ያበርዳል፤ ከሚያበርዱት ክፍሎች አንዱ ደግሞ ይኸው ሂፖካምፐስ ነው። የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። የቼኩ ቀን፣ ያልተጣለው ዕቁብ፣ ያልተመለሰው ዱቤ እንደ ተሸካሚው አልፈው አይሄዱም፤ ሱቅ ተቆልፎም ቤት ድረስ ይከተላሉ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የመርካቶው ሸማ ተራ ሲቃጠል ንብረቱ የወደመበት ሰው የተሸከመውን ሐሳብ አስቡት። ኮርቲሶል ሳይወርድ ለዓመታት ከቆየ ፍሬኑን ራሱን ሂፖካምፐስን ይጎዳል፤ ፍሬኑ ሲላላ ደግሞ ኮርቲሶሉ ይብሳል።

በስዊድኗ ጎተንበርግ ከ38 እስከ 60 ዓመት የሆናቸው ሴቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ ለ35 ዓመታት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። በጉልምስናቸው በተደጋጋሚ ጭንቀት አለብን ካሉት መካከል በኋላ በመርሳት በሽታ የተያዙት በርከት ይላሉ። ጭንቀቱ ብቻውን አመጣው ማለት ግን አይደለም።

ሥራ መብዛቱ ብቻ አይደለም ክፉው። የሥራ ጫናን ያጠናው ሮበርት ካራሴክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 እንዳስረዳው፣ ሰውን ይበልጥ የሚያደክመው ጫናው ከብዶ የመወሰን ሥልጣኑ ሲያንስ ነው። ስለዚህ ከባለሱቁ ይልቅ ለተቀጣሪው ሻጭ አስባለሁ። ባለሱቁ ቢያንስ ዋጋ ይቆርጣል፤ ሻጩ ከገዢም ከአሠሪም ቁጣ ይቀበላል፣ መቼ እንደሚያርፍም ራሱ አይወስንም።

ውጥረት ወደ አንጎል የሚደርስበት ሌላም መንገድ አለ፤ ደም ግፊት። እንቅልፍ ያጣ፣ ቀኑን ተቀምጦ የሚውል፣ በሲጋራ የሚጽናና ሰው ግፊቱ ይጨምራል፤ የአንጎል ቀጫጭን ደም ሥሮችም ቀስ በቀስ ይደድራሉ፣ ይጠባሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 የወጣው የሕክምና መጽሔቱ የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ ይገልጻል፤ የጎልማሳነት ደም ግፊት አንዱ ነው። ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። በአርባዎቹ ያለ ነጋዴ «ምንም አልሆንኩም» ሲል እውነቱን ነው፤ ግፊቱን የሚያውቀው ግን ጤና ጣቢያ ገብቶ ክንዱን ሲለካ ነው። ልኬቱ ከአንድ የዱቤ ድርድር ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።